ግማሽ ቋጠሮ

ጄኔቫ፣ ለዛቫንሼ
ጥር 22 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለያኔት፣

ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር፣ ስወድቅ ገመዱን ይዘሽ ከሥር የቆምሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ካርድሽ ደርሶኛል። ከሆስፒታል ከወጣሁ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ስልክ የማላነሳው ተቀይሜሽ አይደለም፤ መንጋጋዬን ከላይና ከታች በሽቦ አስረውት ነው። እስከ የካቲት መጨረሻ አይፈታም። ሃያ ዓመት አገር ቤት ጂኦግራፊ ስለፈልፍ የኖርኩ ሴት፣ አሁን ለጎረቤቴ ለሀጂራ "ጨው በዛ" ለማለት እንኳ ወረቀትና እስክሪብቶ እፈልጋለሁ።

ሀጂራ ሾርባውን በማሽን ፈጭታ በቀጭን ቱቦ ታጠጣኛለች፤ እያጠጣችም ትመክረኛለች። "ሰው የአገሩን ዳገት ጥሎ መጥቶ የሰው አገር ዳገት ላይ ይሰበራል?" አለችኝ ትናንት። መልስ ነበረኝ፤ አፍ አልነበረኝም። ሁለት የጎድን አጥንቶቼም ተሰንጥቀዋል። ስስቅ ያመኛል፤ ደግነቱ የሚያስቅ ነገር የለም።

ያን ቀን ምን ያህሉን ታስታውሻለሽ ላልሽኝ፣ የማስታውሰው ካንደርሽቴግ ከባቡር ወርደን፣ በረዶ ከሆነው ፏፏቴ ሥር ቦርሳችንን እስካወረድንበት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው፤ አንቺ ያየሽውን ጻፊልኝ። ሐኪሙ ጭንቅላትሽን ስለተመታሽ ነው ይላል። የነፍስ አድን ሰዎቹ የጻፉትን ወረቀት ግን ሰጥተውኛል። ቋጠሮው ግማሽ ነበር ይላል። የስምንት ቁጥር ቅርጹን ሠርቼ፣ ጫፉን በመታጠቂያዬ አሳልፌ፣ በመጣበት መንገድ መልሼ መጨረሱን ትቼዋለሁ። አምስት ሜትር ያህል ወጥቼ ላርፍ ከላይ የተሰቀለው ገመድ ላይ ስቀመጥ ከመታጠቂያዬ ሾልኮ ወጣ።

ይህን ቋጠሮ ለስንት ሰው አስተማርኩት? በተራራ ክበቡ የእሑድ ሴቶችን ስድስት ዓመት ሙሉ ያስቋጠርኩ እኔ ነኝ። አንቺንም ዓይንሽን አስጨፍኜ አለማምጄሻለሁ። እንግዲህ እጄ ረሳው ማለት ነው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ሁለቱን ገመዶች፣ የበረዶ መጥረቢያዎቹንና በረዶ የሚቧጥጡትን የጫማ ጥርሶች በፖስታ ልኬልሻለሁ። ጥርሶቹ ይጠብባሉ፣ ይሰፋሉ፤ እግርሽ ልክ ይሆናሉ። ለክበቡም ከእንግዲህ አላስተምርም ብዬ ጽፌአለሁ። አትከራከሪኝ።

ዝናሽ

*

ዋሊሰለን
የካቲት 1 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ዝናሽ፣

ጌታ አጥንትዎን ይጠግንልዎት። ጉባኤያችን ሐሙስ ሐሙስ በስምዎ ይጸልያል። ያኔ አልትሽቴተን በነበረው የአበሾች ስብሰባ ላይ ተነሥተው "ተራራ መውጣት የሚፈልግ አለ?" ብለው ሲጠይቁ አዳራሹ ሙሉ የሳቀብዎት ሰው፣ ዛሬ ተንበርክኮ ይጸልይልዎታል። እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ መሆኔን አሁንም ያነሡብኛል።

ጥቅሉ ዋሊሰለን ፖስታ ቤት ደርሷል። አልፈረምኩበትም፤ ተመልሶ ይመጣልዎታል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን እምቢ ብዬ አላውቅም። ግን ሰው በቁሙ ዕቃውን ሲያከፋፍል ደስ አይልም።

እኔ ደህና ነኝ። በምሠራበት ሱቅ የዕቃ ቆጠራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መጋዘን ነኝ። የሙያ ትምህርቴ ፈተና በሰኔ ነው። ስለዚያ ቀን እንድጽፍልዎ ጠይቀውኝ ነበር፤ ብርዱ ከባድ ነበር፣ ሁሉም ነገር ፈጥኖ ሆነ። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ግን እትዬ ዝናሽ፣ ለምን? ስንት ተራራ የወጡ ሰው በአንድ ቋጠሮ ሁሉን ይተዋሉ? ሰው አይሳሳትም?

አክባሪዎ ያኔት

*

ጄኔቫ
የካቲት 7 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለያኔት፣

ጥቅሉ ተመልሶ መጣ። ሀጂራ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማ አምጥታ ስትሳደብ ዋለች። ግትር ነሽ።

ለምን ላልሽኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ግን አፌ ከታሰረ ወዲህ ሆዴም ሞልቷል፣ ልንገርሽ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ የሚያሰፋው እሷ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ለአንድ መምህር ኮት ሰፍታ አንዱን እጅጌ ሳትገጥም አጣጥፋ ሰጠችው። ሰውየውም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፣ እሷም ሳቀች። ያን ጊዜ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ፣ ከዚያ የተገለበጠ ኪስ መጣ። እንዳታፍር ብለን አንነግራትም ነበር። ማታ እሷ ስትተኛ እኔና እህቴ ፈትተን እንደገና እንሰፋው ነበር። በሁለተኛው ዓመት "አንቺ ልጅ የማን ነሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ አሁን ሃምሳ አምስት ነኝ። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ደግሞ ይህ በሽታ እንዴት እንደሚገባ በየቀኑ አያለሁ። በሩን አንኳኩቶ አይገባም። እንዲህ በለመደው ሥራ በኩል ነው የሚመጣው፣ እጅ ከአንጎል ቀድሞ በሚሠራው ሥራ። ስለዚህ ቋጠሮው ግማሽ ነበር የሚለውን ሳነብ ክርክር አልፈለግሁም። ለአለቃዬም ስመለስ የማታ መድኃኒት ማደሉ ይቅርብኝ ብዬ ጽፌአለሁ። በሰው ክኒን መቀለድ አልችልም።

የካቲት 21 የማስታወስ ችሎታ የሚመረምሩበት ክሊኒክ ቀጠሮ አለኝ። እፈራለሁ። ለሌላ ሰው አላልኩትም፣ ላንቺ እፈራለሁ እልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያን ጠዋት አጠገቤ ነበርሽ። ግራ የገባኝ እመስል ነበር? እየቋጠርኩ ዓይኔ ፈዝዞ ነበር? ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን መልሽልኝ። በአረጋውያን ቤት የምናውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ታማሚው ራሱን እንደማያይ ነው።

ዝናሽ

*

ዋሊሰለን
የካቲት 11 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእትዬ ዝናሽ፣

ባለፈው ደብዳቤዬ ዋሽቼዎታለሁ። ሁሉም ነገር ፈጥኖ ሆነ ያልኩት ውሸት ነው። ቀስ ብሎ ነው የሆነው፣ እኔም እያየሁ።

እርስዎ ዓይንዎ አልፈዘዘም። ግራም አልገባዎትም። የስምንት ቁጥሩን ሠርተው ገመዱን በመታጠቂያዎ ሲያሳልፉ እኔ ጠራሁዎት። የቀኝ ጫማዬ ጥርስ ማሰሪያው ላልቶብኝ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው አልይዝ ብለውኝ ነበር። ገመዱን እንዳለ ተዉትና በረዶው ላይ ተንበርክከው አጠበቁልኝ። ሲነሡ መጥረቢያዎቹን ያዙ። ወደ ቋጠሮው አልተመለሱም። ያቋረጥኩዎት እኔ ነኝ።

የባሰው ይህ ነው። አየሁት። ጃኬትዎ ሸፍኖት ነበር፣ ግን ሲዞሩ የገመዱ ጫፍ ሲወዛወዝ አየሁ። እዚህ ዙሪክ መውጣት በምለማመድበት አዳራሽ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ ማንም ከመውጣቱ በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮ በእጁ ነክቶ ይፈትሻል። ፓርትነርቼክ ይሉታል። ከስዊሶቹ ጋር ሁሌም አደርገዋለሁ። ከእርስዎ ጋር ብቻችንን ስንሆን ግን አድርገነው አናውቅም። የትልቅ ሰው ወገብ ይዞ መጎተት እጄ እምቢ ይለኛል።

በጥቅምት ከሎዛን በላይ ካለው ገደል ሥር የሆነውን ያስታውሱ ይሆናል። የብረት ቀለበትዎ አልተቆለፈም ነበር፣ ነገርኩዎት። እርስዎም በሴቶቹ ሁሉ ፊት "ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" አሉኝ። ጀርመንኛ የምትችለዋ ሴት ምን አለችሽ ብላ ስትጠይቀኝ "አመሰገነችኝ" አልኳት። እስከ ሎዛን ጣቢያ ድረስ አላናገሩኝም።

ስለዚህ ካንደርሽቴግ ላይ ጫፉን ሳይ፣ እሷ የምታውቀው ሌላ ዘዴ ይኖራል አልኩ። ብናገር ታፍራለች፣ ብናገር ትቆጣኛለች አልኩ። ይህን ሁሉ ሳስብ አምስት ሜትር ወጥተው ነበር።

በኔ በጊዜያዊው የስደተኛ ኤፍ ፈቃድ ድንበር መሻገር ስለማልችል፣ ቤትዎ አፍንጫ ሥር ያለውን የሳሌቭን ተራራ ትተው፣ ፈረንሳይ ነው ብለው፣ ለኔ ሲሉ ግማሽ አገር በባቡር የሚያቋርጡ ሰው ነዎት። እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ነፈግኩዎት። በሽታ የለብዎትም እትዬ ዝናሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ያኔት

*

ጄኔቫ
የካቲት 15 ቀን 2004 ዓ.ም.

ያኔት፣

ደብዳቤሽን አነበብኩ። ቀጠሮውን ሰርዣለሁ።

አንድ ወር ሙሉ እናቴን ሆኜ ከረምኩ። ጠዋት ስነሣ ስሜን፣ ቀኑን፣ የአውቶቡሱን ቁጥር ለራሴ እየጠየቅሁ ከረምኩ። አንቺ ደግሞ ዋሊሰለን ተቀምጠሽ ዕቃ ትቆጥሪ ነበር። መውደቄን ይቅር ልልሽ እችል ነበር። ያን ወር ግን አሁን ይቅር ልልሽ አልችልም፣ ውሸት አትጠብቂብኝ።

ቆሽቴ አርሯል። አትጻፊልኝ።

ዝናሽ

*

ጄኔቫ
መጋቢት 5 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለያኔት፣

አትጻፊልኝ ስልሽ ዝም አልሽ። አሁንም ታዘዝሽኝ፣ አየሽ? በሽታሽ ይኸው ነው።

ሽቦው ተፈታ። አፌ የሚከፈተው በሁለት ጣት ልክ ነው። ሁዳዴ በመግባቱ ሐኪሙ ወተት ጠጪ ሲለኝ ጾም ነው አልኩት፣ መጾሚያ አጥንት የለሽም አለኝ። የመጀመሪያውን ስድብ ለሀጂራ ሾርባ ሰጠሁት። እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች።

ንዴቴ ሲበርድ አንድ ነገር መጣብኝ። የጥቅምቱን ረስቼው አልነበረም። ቀለበቱ በእርግጥም ክፍት ነበር፣ አንቺ ልክ ነበርሽ፣ እኔም ልክ መሆንሽን ያን ጊዜውኑ አውቄአለሁ። የተቆጣሁት ለዚያ ነው። ፊቴን ያዞርኩብሽም አፍሬ ነው። ብዙ ነገር ያስተማርኩሽ መስሎኝ ስኩራራ፣ ከሁሉ በደንብ ያስጠናሁሽ ዝምታን ኖሯል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ያቺ ተረት ካፌ ባትወጣ ኖሮ መንጋጋዬ አይሰበርም ነበር። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ግማሹ፣ ሙሉውን አልወስድልሽም።

ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ገመድ ላይ ተንጠልጥለው አያውቁም።

መጋቢት 15 ቅዳሜ በርን ያለው የመውጫ አዳራሽ እንገናኝ። ቀላል ግድግዳ ብቻ፣ ሐኪሙ ፈቅዷል። ገመዴን በእጅሽ ይዘሽ፣ ጎትተሽ፣ በአፍሽ "አይቻለሁ" ካላልሽ ከመሬት አልነሣም። ካፈርሽ ሁለታችንም ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን እንመለሳለን።

ዝናሽ

*

ዋሊሰለን
መጋቢት 17 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእትዬ ዝናሽ፣

በሰላም ገባሁ። መድረስሽን ጻፊልኝ ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ፤ የጻፍኩት ግን ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ነው።

እንደሚፈትኑኝ መገመት ነበረብኝ፣ አስተማሪ ነዎት። ግን ሆን ብለው ያንኑ ቋጠሮ ግማሹን ትተው፣ ፊትዎ ላይ ምንም ሳያሳዩ "በይ ልውጣ" ሲሉኝ መጀመሪያ የምርዎን መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። አዳራሹ ሁሉ እስኪዞር ድረስ "እትዬ ዝናሽ፣ ቋጠሮዎ ግማሽ ነው" ስል ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። እርስዎም ወደ ገመዱ ጥቂት አይተው "ጎበዝ፣ አለፍሽ" አሉኝ። ይህን ያህል ያስደሰተኝ ፈተና የለም። የሰኔውንም እንዲህ ባልፈው።

ለአረጋውያን ቤት አለቃዎ የመድኃኒት ማደሉን ሥራ መልሰው እንዲሰጡዎ ይጻፉላቸው። ለክበቡም እንዲሁ። የእሑድ ሴቶቹ እየጠበቁዎት ነው።

አክባሪዎ ያኔት

*

ጄኔቫ
መጋቢት 21 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለያኔት፣

ደስታሽን ላበላሸው ነው፣ ቻይኝ።

ፈተና አልነበረም። ጨርሼው መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ማንም አላቋረጠኝም። ብርድ የለም፣ የጫማ ጥርስ የለም፣ የጠራኝ የለም። በሁለት እጄ፣ በሙሉ ልቤ ቋጠርኩ፤ ሙሉ ነው ብዬም ተነሣሁ። አንቺ ስትጮኺ ወደ ታች አየሁ፣ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ሰው ሁሉ አየኝ። "አለፍሽ" ያልኩሽ እፍረት ይዞኝ ነው። አንቺን በይሉኝታሽ ስቆጣ ሰንብቼ፣ በሳምንቱ ራሴው ተሸፈንኩበት። ባቡር ውስጥ እስከ ጄኔቫ በመስኮት ሳይ ሄድኩ፤ ምን እንዳየሁ ብትጠይቂኝ አላውቅም።

ምናልባት ምንም አይደለም። ሃያ ዓመት መኪና የነዳም አንድ ቀን ቁልፉን ውስጥ ረስቶ ይዘጋል። ምናልባት ደግሞ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ አድጌ፣ እናቴን ግን ደብቀናታል፤ ማታ ማታ ስንሰፋላት በደግነት ነው የጎዳናት። እኔን እንዲህ እንዲያደርጉኝ አልፈልግም።

ክሊኒኩ ደውዬ ቀጠሮዬን አስመለስኩ። ሚያዝያ 10 ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጸሐፊዋ "ከቅርብ የሚያውቁዎትን ሰው ይዘው ይምጡ፣ ሐኪሟ እሱንም ትጠይቃለች" አለችኝ። መጀመሪያ ሀጂራን አሰብኩ። ሀጂራ ትወደኛለች፤ ስለምትወደኝም "ከሷ የበለጠ የሚያስታውስ ሰው አላየሁም" ብላ በቁርአን ትምላለች። ስለዚህ ሀጂራ አትሆንም።

አንቺ ነሽ የምትመጪው። ሐኪሟ ጀርመንኛ ትችላለች፣ ጠይቄአለሁ። እኔ አጠገብሽ ብቀመጥም ያየሽውን ሁሉ ትነግሪያታለሽ። ካንደርሽቴግን ብቻ አይደለም። ሌላም አይተሽ ይሆናል፣ የማልጠይቅሽ ስለምፈራ ነው።

እምቢ ካልሽ አልቀየምሽም። ይህን ስልሽ እውነቴን ነው።

ዝናሽ

*

ዋሊሰለን
መጋቢት 26 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእትዬ ዝናሽ፣

እመጣለሁ። አለቃዬ ቀኑን ሰጥቶኛል፤ ጄኔቫ የሚገባው ባቡር ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ለሐኪሟ የምነግራትን አስቀድመው ከኔ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። ከኋላዎ እንደማወራ እንዳይሰማኝ።

በመስከረም በርን ጣቢያ ትኬት ቆረጥን፤ ሻይ ገዝተን ስንመለስ እንደገና ቆረጡልን። ሁለቱንም ኪሴ ከተትኩና ዝም አልኩ።

በኅዳር ከአንድ ሸንተረር ስንወርድ ሁለት ጊዜ ጸሐይነሽ ብለው ጠሩኝ። ጸሐይነሽ የሞተችው እህትዎ እንደነበረች አውቃለሁ። ሁለቴም አቤት አልኩ።

በታኅሣሥ ተማሪዎችዎ ካርታውን ገልብጠው የሰቀሉበትን ቀን ታሪክ ስንሄድ ነገሩኝ፣ ስንመለስም ነገሩኝ። እንደ አዲስ ሳቅሁ።

ከዚህ ሌላ የበርኑ ቋጠሮ ነው። የካንደርሽቴጉን ግን ያቋረጥኩዎት እኔ እንደሆንኩ እነግራታለሁ፣ እሱ እንዲቆጠርብዎት አልፈቅድም። መንገድ ሲጠፋዎት አይቼ እንደማላውቅም እነግራታለሁ። ጭጋግ ውስጥ እንኳ። ይህም እውነት ስለሆነ መነገር አለበት።

ምን ማለት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ሐኪሟ ታውቀዋለች። ምንም አይደለም ካለች ቅዳሜውኑ ገደል ሥር እንገናኛለን። ነው ካለችም እንገናኛለን፣ የምንወጣውን እንመርጣለን፣ ቋጠሮውን እኔ እሠራለሁ። ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ፣ ቢሆንም ከጻፍኩት የምሰርዘው የለም።

እስከዚያ ድረስ ግን እኔ በሌለሁበት ገመድ እንዳይታጠቁ። ልመና አይደለም እትዬ ዝናሽ፣ ከልክዬዎታለሁ።

ያኔት